ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ መፍቻ መቼ ያዋጣል?

መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሊገዛ የወጣ መካኒክ ይዞ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን እንጂ ዕቃው የሚገጠምበትን መሣሪያ አይደለም። ኩሽኔታ ይገዛል፤ ኩሽኔታ መንቀያና መግጠሚያ ግን አይገዛም። መዶሻና ቁራጭ ፌሮ አለው፤ በእነሱ እየመታ ያስገባዋል። በምቱ የተነሳ የኩሽኔታው ኳሶች የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይሰረጉዱታል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ምንም ድምፅ የለውም። ጥቂት ቆይቶ ግን ጎማው አካባቢ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ባለመኪናውም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ሊወቅስ ይሄዳል።

በጥገናው ሥራ «ልዩ መሣሪያ» የሚባለው በየዕለቱ ከሚያዘው ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቡሶላ የተለየ፣ ለአንድ ወይም ለጥቂት ሥራዎች ብቻ የተሠራ ነው። ኩሽኔታ መንቀያ፣ የአሞርዛተር ሞላ መጭመቂያ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ቶርክ ሬንችና የኮምፒዩተር መመርመሪያ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ጥያቄው ጥሩ ናቸው ወይ አይደለም፤ ጥሩነታቸውን ማንም አይክድም። ጥያቄው ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ጋራዥ፣ ወይም በግቢው ውስጥ የራሱን መኪና የሚነካካ ሰው፣ የትኛውን መግዛትና የትኛውን መከራየት አለበት የሚለው ነው።

ዋጋን ለሥራ ማካፈል

የሞላ መጭመቂያን እንውሰድ። ዋጋው 12,000 ብር፣ የአንድ ቀን ኪራዩ ደግሞ 400 ብር ነው እንበል፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። 12,000 ለ400 ሲካፈል 30 ይሆናል። መሣሪያው ዋጋውን የሚመልሰው ሠላሳ ጊዜ ሲሠራ ነው ማለት ነው። በዓመት የ40 መኪና አሞርዛተር የሚቀይር ጋራዥ በዘጠኝ ወር ይመልሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱን ቪትዝ የሚጠግን ሠራተኛ ግን አሞርዛተር የሚቀይረው በብዙ ዓመት አንዴ ስለሆነ ዕድሜውም አይበቃው።

ይህ ማለት ግን ሠራተኛው ያለ መጭመቂያ ይሥራ ማለት አይደለም። የታመቀ ሞላ በሽቦ ታስሮ ሲፈታ እጅ ወይም ፊት ላይ ሊወነጨፍ ይችላል፤ ሰው የሚገድል ጉልበት አለው። ምርጫው መግዛት ወይም መከራየት ነው፤ ሦስተኛው፣ የሽቦው መንገድ፣ ከስሌቱ ውጭ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ችግር መለዋወጫ ሻጮች ራሳቸው ፈትተውታል። አውቶዞንን የመሳሰሉ ሰንሰለት መደብሮች ልዩ መሣሪያን የሚያውሱት ደንበኛው ሙሉ ዋጋውን በመያዣነት ሲያስይዝ ነው፤ መሣሪያው በወቅቱና በደህና ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። ሻጩ ከውሰቱ አያተርፍም፤ ትርፉ መሣሪያውን ሊዋስ የመጣው ሰው ዕቃውን እዚያው በመግዛቱ ነው። የመርካቶ መለዋወጫ ነጋዴ በአንድ ኩሽኔታ መንቀያ ይህን ቢሞክረው የሚከስርበት ምክንያት አይታይም። በአዲስ አበባ ጋራዦች ከጎረቤት መዋዋስ የቆየ ልማድ ነው፤ የጎደለው መያዣው ነው። መያዣ ስለሌለም መሣሪያ ሲሰበር ጉርብትናም አብሮ ይሰበራል።

ቶርክ ሬንች ለምን ይለያል?

ለማንም ቢሆን ተገዝቶ ይቀመጥ የሚባል ልዩ መሣሪያ ካለ ቶርክ ሬንች ነው፤ ምክንያቱም ለአንድ ሥራ ብቻ አይደለም፣ ብሎን ባለበት ሁሉ ይገባል። መሣሪያው የሚለካው የማጥበቂያ ጉልበትን ነው። ጉልበቱ የሚገኘው የእጅ ኃይልን በእጀታው ርዝመት በማባዛት ሲሆን መለኪያው ኒውተን ሜትር ይባላል።

የብዙ ቶዮታ የቤት መኪኖች የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። 25 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ላይ በ40 ኪሎ ኃይል የሚስብ ሰው 98 ያህል ያገኛል፤ ከሚፈለገው ብዙም አይርቅም። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ርዝመቱን 60 ሳንቲ ሜትር ቢያደርሰው ግን ያው ሰው፣ በዚያው ኃይል፣ 235 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ነው። ብሎኑ ይለጠጣል፤ የፍሬን ዲስኩም ተዛንፎ ፍሬን ሲያዝ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ባለመኪናው አንድ ቀን ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ መንገድ ዳር ሲቆም ዳዶው በመኪናው ቁልፍ አልፈታም የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቴስታታ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው። ብሎኖቹ በቅደም ተከተልና በእኩል ጉልበት ካልጠበቁ ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ይላላል፤ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ሥራው እንደገና ሲፈታ የጓርኒሲዮኑን ዋጋ፣ የሁለት ቀን ጉልበትንና የደንበኛውን እምነት የሚከፍለው ጋራዡ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ድግግሞሽ ብቻ የቶርክ ሬንችን ዋጋ ሊበላ ይችላል።

ነገር ግን መሣሪያው አያያዝ ይፈልጋል። «ቀጭ» የሚለው ዓይነት ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተመልሶ ይቀመጣል፤ የጠበቀ ብሎን መፍቻም አይደለም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለአብዛኞቹ የሚፈቅደው ስህተት ወደላይም ወደታችም 4 ከመቶ ሲሆን፣ በየ12 ወሩ ወይም ከ5,000 ጊዜ አገልግሎት በኋላ እንዲፈተሽ ይመከራል። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቶርክ ሬንች የገዛ ሰው ግምታዊ ፍተሻ በቤቱ ሊያደርግ ይችላል። ቡሶላ የሚሰካበት ጫፍ ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ እጀታው አግድም ይሆናል፤ ከጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ እጅ በሚይዝበት ቦታ፣ 25 ኪሎ የዱቄት ከረጢት ቀስ ተብሎ ይንጠለጠላል። ይህ 98 ኒውተን ሜትር ነው። ቁጥሩ 90 ላይ ሲሞላ «ቀጭ» ብሎ 110 ላይ ዝም ካለ መሣሪያው ብዙ አልሳተም። 60 ላይ ተሞልቶም ዝም ካለ ግን የተገዛው ብረት እንጂ መለኪያ አይደለም።

የድሮ ዋጋ ወጥመድ

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መሣሪያዎቹ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ በመሆናቸው ቀድሞ የገዛ ጋራዥ በርካሽ ገዝቷል። ስህተቱ የሚመጣው ባለጋራዡ የአገልግሎት ዋጋውን በድሮው ግዢ ላይ ሲያሰላ ነው። መሣሪያው ነገ ቢሰበር የሚተካው በዛሬ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ መቀነስ ያለበት ድርሻ ከዛሬው መተኪያ ዋጋ ይነሳል። ይህን ያላሰላ ጋራዥ በየወሩ ያተረፈ እየመሰለው መሣሪያውን ቀስ በቀስ እየበላው ነው።

ኮምፒዩተሩ የማይናገረው

በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ወዲህ፣ መኪኖች ባለ 16 እግር የመመርመሪያ መሰኪያ እንዲኖራቸው በሕግ ተደርጓል። በስልክ የሚሠራው ርካሹ መመርመሪያ የሞተሩን ኮድ ያነባል፤ ለቤት ባለቤት ይህ ይበቃዋል። ውዱ የሚያስፈልገው ኤ.ቢ.ኤስ.፣ ኤርባግና የመሳሰሉትን ለሚነካ፣ እያንዳንዱን ክፍል አዝዞ ለሚሞክር ባለሙያ ነው።

ሁለቱም ግን የሚያሳዩት ምልክትን እንጂ ጥፋተኛውን ዕቃ አይደለም። «ፒ0301» ማለት አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ኮዱን አይቶ ኮይል ሊገዛ የሚሮጥ ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ባለው ሞተር ላይ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል ቦታ ማለዋወጥ ምንም አያስወጣም፤ ኮዱ ወደ «ፒ0302» ከተሸጋገረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩና ኮምፕሬሽኑ በተራ ይታያሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አንዳንድ መካኒኮች የቤንዚን መሣሪያ መግዛቱ ከንቱ መስሏቸዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። አዲስ ካልገባ ያለው ያረጃል፤ ያረጀ መኪና ደግሞ ቴስታታውም ኩሽኔታውም ደጋግሞ ይፈታል።

ለኤሌክትሪኩ የሚፈለገው መሣሪያ ሌላ ነው። ብርቱካናማ ገመዶቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ። ቁልፎቹና ካቻቪቴዎቹ የሁለት ትሪያንግል ምልክትና «1000 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ሊኖራቸው ይገባል፤ እጀታ ላይ ቴፕ መጠቅለል ይህን አይተካም። የጎማ ጓንቱም 1000 ቮልት የሚችል መሆን አለበት። ከመጠለቁ በፊት አየር ተሞልቶበት፣ አፉ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ አየር ካፈሰሰ ይጣላል። ይህን ጓንት ከጎረቤት ጋራዥ መዋስ አይመከርም፤ ትናንት ምን ስለት እንደነካው የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።