የጠፋን ጥርስ በድልድይ መተካት፦ የአጎራባች ጥርሶች ዋጋ

አንድ ጥርስ ሲጠፋ ጉዳቱ በክፍተቱ ብቻ አይወሰንም። አጎራባች ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ፣ በትይዩ ያለው የተቃራኒው መንጋጋ ጥርስም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ቋሚ ድልድይ ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ ነው። ሆኖም የድልድይ ዓይነት ሲመረጥ የድልድዩ ዕድሜ ብቻ ከተመዘነ፣ ተሸካሚዎቹ ጥርሶች የሚያጡት አካል ይዘነጋል።

በተለመደው ድልድይ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው በክራውን ይሸፈናሉ፤ ተተኪውም ጥርስ በመካከላቸው ይያያዛል። ኤደልሆፍና ሶረንሰን በ2002 በፊት ጥርሶች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ለሙሉ ክራውን የሚደረገው መሞረድ ከድድ በላይ ካለው የጥርስ አካል በክብደት ከ63 እስከ 72 በመቶ ይወስዳል። ለስስ የሴራሚክ ሽፋንና ለተለጣፊ ድልድይ የሚወሰደው ግን ከ3 እስከ 30 በመቶ ነው። ብዙ የተሞረደ ጥርስ ነርቩ ሊሞት ይችላል፤ በክራውኑ ጠርዝም መበስበስ ሊጀምር ይችላል።

ተለጣፊው ድልድይ ከአጎራባች ጥርስ ጀርባ በስስ ክንፍ ይጣበቃል። ሮሼት በ1973 ቀዳዳ ባለው የብረት ክንፍ አስተዋወቀው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተሻሽሎ በዚያው ስም ታወቀ። ዋና ድክመቱ መላቀቅ ነው። ክንፉ ሁለት ሲሆን፣ ጥርሶቹ በማኘክ ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ ክንፍ ሳይታወቅ ሊላቀቅና ከሥሩ መበስበስ ሊከተል ይችላል። ባለአንድ ክንፉ ግን ሲላቀቅ ወዲያው ስለሚታወቅ፣ ጥርሱ ሳይጎዳ ብዙ ጊዜ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ስለዚህ ለፊት ጥርስ ባለአንድ ክንፍ የዚርኮኒያ ድልድይ ተመራጭ እየሆነ መጥቷል።

ይህ ማለት ግን የተለመደው ድልድይ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የማኘክ ጫና በሚበረታበት የኋላ መንጋጋ፣ በተለይም አጎራባች ጥርሶች አስቀድመው በሰፊው ተሞልተው ክራውን የሚሹ ከሆነ፣ ተገቢ ምርጫ ነው። ኢምፕላንት አጎራባች ጥርሶችን አይነካም፤ ነገር ግን በቂ አጥንትና ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። መንጋጋው ገና በማደግ ላይ ላለ ወጣትም አይመከርም፤ ኢምፕላንቱ ከሌሎቹ ጥርሶች ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

የተላቀቀ ድልድይ ይጣበቃል፣ የተሰበረም ይተካል፤ የተሞረደ ኢናሜል ግን ተመልሶ አያድግም። በመሆኑም አጎራባቾቹ ጤነኞች በሆኑ ጊዜ ምርጫው ጥቂት ከሚወስደው ሊጀምር፣ ታካሚውም ይህን ልዩነት ጥርሱ ከመሞረዱ በፊት ሊያውቅ ይገባል።