የተራዘመ የፊት ሰስፔንሽን ክንድ፦ ዕድሜውን የሚወስነው ብረቱ ነው ወይስ ብየዳው?

መግቢያ

በ1967 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት፣ ከቲኋና እስከ ላፓዝ የተጀመረውና ዛሬ ባሃ 1000 ተብሎ የሚታወቀው የበረሃ እሽቅድምድም የፒክአፕ ተሽከርካሪዎች የፊት ሰስፔንሽን ከሚፈተንባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ተወዳዳሪዎች ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዝበትን ርቀት ለመጨመር ሲሉ የፋብሪካውን ክንድ ያወጡና ከቱቦና ከላሜራ በብየዳ የተሠራ ረጅም ክንድ ይተካሉ። ይህ አሠራር ከውድድር ሜዳ ወጥቶ በሕዝብ መንገድ ወደሚሽከረከሩ መኪናዎችም ተሻግሯል። በሽግግሩ ግን አንድ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል። የውድድር ክንድ ከውድድር በኋላ ተፈትቶ ስንጥቅ ይፈለግበታል፤ የመንገድ መኪና ክንድ ግን ከተገጠመ በኋላ ማንም ሳያየው ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። የታችኛው ክንድ ቢሰበር ጎማው ከመሪው ቁጥጥር ውጭ ይሆናል፤ አደጋውም በሾፌሩ ብቻ አይወሰንም።

ይህ ጽሑፍ በብየዳ የተሠራ ክንድ የሚያገለግልበትን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው ምን እንደሆነ ይመረምራል።

ክንዱ ሲረዝም የሚለወጠው ኃይል

ለማሳያ ያህል፣ ከሻሲው ቡሽንግ እስከ ቦል ጆይንቱ 400 ሚ.ሜ የሚረዝም የታችኛ ክንድ ይወሰድ። ሞላው ከቡሽንጉ በ250 ሚ.ሜ ርቀት ላይ ያርፋል፤ በጎማው በኩል የሚመጣው ኃይልም 6,000 ኒውተን ነው። በዚህ ሁኔታ በሞላው መቀመጫ ላይ የሚፈጠረው አጉባጭ ሞመንት 900 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የሞላው መቀመጫ ሳይነካ ክንዱ በ50 ሚ.ሜ ቢረዝም ሞመንቱ 1,200 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ርዝመቱ የጨመረው በ12.5 በመቶ ሲሆን ሞመንቱ ግን በ33 በመቶ አድጓል። የሻሲው ቡሽንግ የሚሸከመው ኃይልም ከ3,600 ወደ 4,800 ኒውተን ከፍ ይላል።

በጎማው ላይ የሚሰማው የሞላ ጥንካሬ በአንጻሩ በ21 በመቶ ይቀንሳል። መኪናው ስለሚለሰልስና ዝቅ ስለሚል ባለቤቱ ጠንካራ ሞላ ለመግጠም ይገፋፋል። የላይኛው ክንድና የመሪው ዘንግ ከታችኛው ጋር ተመጣጥነው ካልረዘሙ ደግሞ ካምበሩ ይዛባል፤ ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥርም መሪው ሳይነካ አቅጣጫ ይለውጣል።

ብየዳና የብረት ድካም

የሰስፔንሽን ክንድ የሚጠፋው በአብዛኛው በአንድ ከባድ ጭነት ሳይሆን በተደጋጋሚ ጭነት፣ ማለትም በብረት ድካም ነው። የተበየደ መጋጠሚያ ዕድሜ ከጭነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒው ይለዋወጣል። ስለዚህ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ጭነቱ በ33 በመቶ ሲያድግ፣ የክንዱ ቅርጽና ውፍረት ካልተለወጠ፣ ዕድሜው ወደ 42 በመቶ ዝቅ ይላል።

የመጋጠሚያው ዓይነት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይመዝናል። የዓለም አቀፉ የብየዳ ኢንስቲትዩት መመሪያ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ ለ2 ሚሊዮን ዑደት የሚፈቀደውን የጭነት ልዩነት ያስቀምጣል። ከአንድ ወገን ብቻ፣ ያለ ደጋፊ ላሜራ፣ ጫፍ ለጫፍ የተበየደ መጋጠሚያ የብየዳው ሥር ተመርምሮ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ 71 ሜጋ ፓስካል ይሰጠዋል፤ ካልተመረመረ ግን 36 ብቻ ነው። ይህ በዕድሜ ሲሰላ ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ነው። ተቆርጦ በቱቦ የተራዘመ ክንድ የሚበየደው ከውጭ በኩል ብቻ በመሆኑ በቀጥታ ከዚህ ክፍል ይመደባል።

የጠንካራ ብረት ጥቅምና ወሰን

በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው ዝንባሌ ችግሩን በተሻለ ብረት ለመፍታት መሞከር ነው። ለዚህም 4130 የተባለው ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ይመረጣል። ብረቱ ከተራ ብረት የበለጠ ጥንካሬ ስላለው ክንዱን ቀጭንና ቀላል አድርጎ መሥራት ያስችላል። ሆኖም በብየዳው ጠርዝ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቃቅን ስንጥቅ መሰል ጉድለቶች ይኖራሉ። የመጋጠሚያው ዕድሜ እነዚህ ጉድለቶች የሚያድጉበት ጊዜ ነው፤ የዕድገታቸው ፍጥነትም በተራውና በጠንካራው ብረት ብዙም አይለያይም። ስለሆነም ጠንካራ ብረት መርጦ ግድግዳውን የሚያሳሳ ሠሪ በብየዳው ላይ ያለውን ጭነት ይጨምራል እንጂ ዕድሜ አያተርፍም።

ከዚህም በላይ የዚህ ብረት የካርቦን አቻ መጠን ወደ 0.6 ይጠጋል። መጠኑ ከ0.45 ሲያልፍ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ሲቀዘቅዝ የመጠንከርና የመሰባበር ጠባይ ያሳያል። በተለይ ወፍራም ክፍሎች ሲበየዱ ብረቱን አስቀድሞ ማሞቅና ደረቅ፣ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ያለው ኤሌክትሮድ መጠቀም ያስፈልጋል። እንደ 7018 ያለ ኤሌክትሮድ ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ እርጥበት ከሳበ ጥቅሙን ያጣል።

ለሥራው የሚበጁ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ብየዳውን ሞመንቱ ከሚከማችበት ከሞላው መቀመጫ ማራቅ ነው። ሁለተኛው ማጠናከሪያ ላሜራን በድንገት ሳይሆን እየሳሳ እንዲያልቅ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ በድንገት የሚያልቅ ማጠናከሪያ ስንጥቁን ወደ ጫፉ ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም። ሦስተኛው የብየዳውን ጠርዝ በመፍጫ ማለስለስ ነው። በሥርዓት ከተሠራ የሚፈቀደውን ጭነት በ1.3 እጥፍ፣ ዕድሜውን ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ሊያሳድግ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው ስንጥቁ ከጠርዙ ለሚነሳበት መጋጠሚያ ነው፤ ከሥሩ የሚነሳውን አያግደውም።

አራተኛው ምርመራ ነው። ቀለም ሰርጎ የሚገባበት ፍተሻ ኤሌክትሪክ የማይፈልግና በማንኛውም ጋራዥ ሊሠራ የሚችል ቢሆንም የሚያሳየው ወደ ላይ የወጣውን ስንጥቅ ብቻ ነው። ተዘግቶ በተበየደ ቱቦ ውስጥ ያለውን ሥር ለማየት አልትራሳውንድ ወይም ራጅ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የተራዘመ ክንድ ዕድሜ በመጀመሪያ የሚወሰነው በብየዳው ቦታ፣ ቅርጽና ሥር እንጂ በብረቱ ደረጃ አይደለም። በምሳሌው ስሌት መሠረት 50 ሚ.ሜ መጨመር ዕድሜውን ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ የብየዳው ሥር ሳይመረመር መቅረቱ ደግሞ ሊታመንበት የሚችለውን ዕድሜ ወደ አንድ ስምንተኛ ይጠጋል። የውድድሩን ክንድ የሚጠብቀው ብረቱ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው መፈተሹ ነው። ፍተሻው በማይኖርበት መንገድ ላይ ተመሳሳዩን ክንድ የሚገጥም ባለሙያ ውጭውን ቅርጽ ወሰደ እንጂ ጥበቃውን አልወሰደም። የሞላው መቀመጫ ከክንዱ ጋር አብሮ ቢዛወር ከላይ የታየው ኪሳራ በምን ያህል እንደሚቀንስ በተጨባጭ ናሙና ላይ መለካት ለቀጣይ ጥናት የሚገባ ጥያቄ ነው።