የሁለት ደቂቃዋን መክፈቻ እንዴት ልገምግም?

ጥያቄ፦ የሚዲያ ተማሪ ነኝ። የሁለት ደቂቃ የፊልም መክፈቻ ሠርቼ አስረክቤያለሁ። አሁን መምህራችን ስለ ሥራችሁ ግምገማ ጻፉ ብለውናል። «ብዙ ተምሬበታለሁ» ከማለት ሌላ ምን ይጻፋል?

መልስ፦ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዛት፤ ክፍሉ በሙሉ ይጽፋታል።

ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ በ1957 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮው የነካካበትን «ተች ኦፍ ኢቭል» የተባለ ፊልሙን ሲያይ 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ፊልሙ የሚጀምረው መኪና ውስጥ ቦምብ ሲጠመድ ነው፤ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ አንዴም ሳይቆረጥ ይከተላል። ስቱዲዮው የባለሙያዎቹን ስም ደረበበት፣ ሙዚቃ አለበሰው። ዌልስ ግን ድምፁ ከየጭፈራ ቤቱ ደጃፍ የሚወጣ የተለያየ ዘፈን እንዲሆን ፈልጎ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የፊልም አቀናባሪው ዋልተር መርች ማስታወሻውን ይዞ ፊልሙን ዳግም ሲያቀናብር ስሞቹ ወደ መጨረሻው ሄዱ፤ የመንገዱ ድምፅም ተሰማ። ዌልስ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

አንተም እንዲህ ጻፍ። ሰከንዱን ጥቀስ፦ ምን አሰብክ፣ ምን ወጣ፣ ለምን? ተመልካቹ ማንን እንዲከተል ፈልገህ ማንን ተከተለ? የስልክህ ማይክ ነፋስ ቀድቶ ከሆነ፣ ያን በሙዚቃ ሸፍነህ ከሆነ፣ አትደብቀው። (ሁላችንም ሸፍነናል።) ስለ ካሜራው ዓይነት አንድ መስመር ይበቃል።

ከመጻፍህ በፊት ግን ፊልሙን ላላየ ሰው አሳየውና ዝም ብለህ ፊቱን ተመልከት።