ውሃ የገባበት ናፍጣ

ማንኩሳ የምትገኘው ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። በዙሪያዋ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ ይመረታል። የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ይህን እህል የሚፈጨው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ ሲቆም እህሉ በጆንያ እንደታሰረ ይቀራል። እናቶች ሸክማቸውን ይዘው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ አለዚያም ማታ ወደ መጅ ይመለሳሉ።

ሞተር የሚያቆሙ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዛሬ የምንማረው ስለ አንዱ፣ ማለትም ናፍጣ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ ነው። ይህን ችግር ቶሎ ካወቅነው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ውሃና ናፍጣ

ዘይት ወጥ ላይ ሰፍፎ እናያለን። ናፍጣም ውሃ ላይ እንዲሁ ይንሳፈፋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ግን 840 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ ካረፉ ውሃው ወደ ታች ይዘቅጣል። የምንሠራው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

የሚያደርሰው ጉዳት

ናፍጣ ሞተርን የሠራው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩን በተሳካ ሁኔታ የሞከረው በ1889 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897) ነበር። በዚህ ሞተር ውስጥ አየር በኃይል ታምቆ እጅግ ይግላል፤ የተረጨበት ናፍጣም በግለቱ ይቀጣጠላል። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው አፍንጫ እጅግ ጠባብ ክፍተት ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። የሚለሰልሱትም በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ ግን አያለሰልስም፤ ብረቱን ያፋጫል፣ ያዝገዋል። ፖምፓ ከተበላሸ ደግሞ ወጪው ከባድ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራባሉ። እነሱም የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ይፈጥሩና ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) ይደፍኑታል።

ውሃው ከየት ይገባል?

ናፍጣ ከባሕር ማዶ መጥቶ በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል። ከዚያ በቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ማደያ፣ ከማደያ በበርሜልና በጀሪካን ይጓዛል። በተቀዳ ቁጥር ውሃ የሚገባበት በር ይከፈታል።

ትልቁ በር ቆሞ የተቀመጠ በርሜል ነው። ዝናብ አናቱ ላይ ይጠራቀማል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል። ሲኮማተር አናቱ ላይ የተኛውን ውሃ በክዳኑ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክዳኑ ጠብቋል ብለን ብንተወውም ውሃው መንገድ አያጣም።

ሁለተኛው በር በደንብ ሳይደርቅ የተቀዳበት ጀሪካን ነው። ሦስተኛው የሰርባትዮው፣ ማለትም የሞተሩ ነዳጅ መያዣ፣ ጎዶሎ ሆኖ ማደር ነው። በባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ እንደ ላብ ያቸፍና ወደ ታች ይንጠባጠባል።

እንዴት እናውቃለን?

ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች በሌላ ምክንያትም ሊመጡ ስለሚችሉ በጠርሙስ እንፈትን። እኛ ተማሪዎች የፈሳሽን ክብደት በክፍል ውስጥ በቁጥር ተምረናል፤ የወፍጮ ሠራተኞች ግን ነገሩን በጠርሙስ ያሳያሉ። ከሰርባትዮው ሥር የተቀዳው ናፍጣ በነጭ ጠርሙስ ሆኖ ይደር። ጠዋት ከታች መስመር ሠርቶ የተለየ ነገር ከታየ ውሃ ነው። ናፍጣው ጉም የመሰለ ከሆነም ውሃ አለበት ማለት ነው።

እንዴት እናወጣዋለን?

ሀ. ሞተሩን አቁመን ሌሊቱን እናሳርፈዋለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳያርፍ የተነካ ናፍጣ ከውሃው ጋር እንደተቀላቀለ ይወጣል። በጣና ሐይቅ ላይ በሚሄዱ የሞተር ጀልባዎችም ሥራው ይኸው ነው። ማዕበል ጀልባዋን ሲንጥ ከሥር የተኛው ውሃ ይነሣና ከናፍጣው ጋር ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው የሚወጣው ጀልባዋ ጸጥ ባለ ወደብ ታስራ ካደረች በኋላ ነው።

ለ. ጠዋት ሞተሩን ሳናስነሣ፣ ሰርባትዮውን ሳንነቀንቅ የሥሩን ማፍሰሻ ቡሎን ቀስ ብለን እናላላለን። የሚወጣውን በጠርሙስ እንቀበላለን።

ሐ. መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ድብልቅ፣ በመጨረሻ ጥሩ ናፍጣ ይመጣል። ጥሩው ሲመጣ ቡሎኑን እናጠብቃለን።

መ. ማፍሰሻ ከሌለው ጎማውን እስከ ሥር አውርደን በእጅ ፖምፓ እንስባለን። በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ ናፍጣ ሳንባ ከገባ ሕይወትን ያሰጋል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ ሳይገደድ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሠ. የማጣሪያውን ውሃ እናፈሳለን፤ ዝቃጭ ከያዘ ማጣሪያውን እንለውጣለን።

ረ. መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር እናስወጣለን። ማስተንፈሻውን አላልተን፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ በእጅ እንገፋለን።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ኩራዝና ሲጋራ አይቅረብ። «ውሃውን ያቃጥለዋል» ተብሎ ናፍጣ ላይ ቤንዚን አይጨመር፤ እሳት ያስነሣል፣ ፖምፓውንም ያደርቃል። የወጣው ፍሳሽ ከምንጭ፣ ከወንዝና ከከብት መጠጫ አጠገብ አይደፋ።

ሳይገባ እንከላከል

በርሜሉ ከጣራ ሥር ይቀመጥ። ጣራ ከሌለ ይጋደም፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ በእኩል ከፍታ ይሁኑ። ስንቀዳ ጎማው ከበርሜሉ ሥር አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሰርባትዮውን እንሙላ። ናፍጣ የገዛንበትን ቀንና ያፈሰስነውን የውሃ መጠን በደብተር እንጻፍ። ደብተሩ ውሃው በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ ከየትኛው በርሜል እንደመጣ ይነግረናል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ጥያቄዎች

1. ውሃ ከናፍጣ በታች የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. ማታ ሰርባትዮውን መሙላት ምን ይጠቅማል?
3. ናፍጣን በአፍ መሳብ ለምን አይገባም?
4. 200 ሊትር ብለን ከገዛነው በርሜል 4 ሊትር ውሃ ቢወጣ፣ የገዛነው ናፍጣ ስንት ሊትር ነው? በአካባቢያችሁ ዋጋ አስልታችሁ ለውሃው የከፈላችሁትን ገንዘብ ጻፉ።