የቤተሰብ ሐኪም በትንሽ ከተማ እንዴት ይገኛል?

ሰው ቤት ሲያሠራ አናጢውን፥ ልብስ ሲያሰፋ ልብስ ሰፊውን መርጦ ይይዛል። አናጢው የቤቱን ማገርና ወራጅ፥ ልብስ ሰፊውም የደንበኛውን ልክ ያውቃል። ስለ ገዛ አካላችን ግን ብዙዎቻችን ይህን ያህል ጥንቃቄ አናደርግም። ራሳችንን ሲያመን ወደ ቀረበን መድኃኒት ቤት፥ ትኩሳት ሲበረታብን ወደ አንዱ ክሊኒክ፥ ነገሩ ሲከፋ ደግሞ መኪና ተከራይተን ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ ሐረር እንሮጣለን። በየደረስንበት ስፍራ እንደ አዲስ ሰው እንቀርባለን፤ የሚመረምረንም ባለሙያ ያለፈውን ሳያውቅ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የቤተሰብ ሐኪም ማለት ይህን ጉድለት የሚሞላ ሰው ነው። እርሱ የሚያውቀው አንዱን ሕመም ብቻ አይደለም፤ የአያቲቱን የደም ግፊት፥ የእናቲቱን እርግዝና፥ የሕፃኑን ክትባት፥ ቤተሰቡ የሚጠጣውንም ውኃ ያውቃል። ለምሳሌ ትኩሳት እየተነሣ እየተመለሰ፥ ወገብና መገጣጠሚያ እየቆረጠመ የሚያስቸግረው ሰው ቢመጣ፥ ቤቱን የሚያውቅ ሐኪም ወዲያው «የምትጠጡት የግመል ወተት የፈላ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ብሩሴሎሲስ የተባለው ሕመም ካልተፈላ ወተት እንደሚመጣ ያውቃልና። ተቅማጥም በአንድ ቤት ቢደጋገም ስለ ብርካው ክዳንና ስለ መቅጃው ዕቃ ይጠይቃል።

ከዚህ በታች የምተርከው በሥራ ዘመኔ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከጅግጅጋ ብዙ በማትርቅ አንዲት ከተማ አንዲት እናት ከ3 ወር በላይ ሳል ይዟቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ከመድኃኒት መደብር መድኃኒት ገዝተው ዋጡ፤ አንድ ጊዜም በክሊኒክ ታዩ። ሳሉ ጥቂት ጋብ ይልና ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ መጡ። ትኩሳታቸውን ለካሁ፤ ደረታቸውን አዳመጥሁ፤ የሳምንት መድኃኒት ጻፍሁላቸው። «እማማ፥ ከዚህ በፊት የት ታይተው ነበር? ሳሉስ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ወረፋው ብዙ ነበር፤ ይህም ምክንያት አይሆንም። ከ1 ወር በኋላ መምህር የሆነው ልጃቸው የባዶ መድኃኒት ሣጥኖችን ሁሉ በከረጢት ሰብስቦ እናቱን ይዞ ተመለሰ። ሣጥኖቹን በጠረጴዛዬ ላይ በደረደራቸው ጊዜ ነገሩን ሁሉ አየሁት። አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ከአጠገባቸው የምትተኛው የ4 ዓመት የልጅ ልጃቸውም ተመርምራ በሽታው ተገኘባት።

ሁለቱም የ6 ወር ሕክምናቸውን ፈጽመው ድነዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ያቺ ሕፃን ልትታመም ባልተገባት ነበር። ከአራታችን አንዳችን እንኳ እኒያን እናት ብናውቃቸውና ታሪካቸውን ብንይዝ ኖሮ፥ ከ2 ሳምንት የበለጠ ሳል የአክታ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ከእኛ የተሰወረ አልነበረም። የጎደለው መድኃኒት አይደለም፤ የጎደለው ትውውቅ ነው።

እንግዲህ «በትንሽ ከተማ የቤተሰብ ሐኪም ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 ከተመሠረተው የሕዝብ ሕክምና አገልግሎት ጀምሮ ሰው ሁሉ በሚኖርበት ሰፈር በአንድ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል። በእኛ አገር ግን የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ስለሆነ፥ የዚህ ሙያ ምሩቃን ገና ጥቂቶች ናቸው። ቢሆንም አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንን፥ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ያሠለጥን የነበረው፥ ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ተባብረው የአካባቢያቸውን ሕዝብ እንዲጠብቁ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

በዛሬው ሥርዓት ጤና ኬላ ለ3,000 እስከ 5,000፥ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ15,000 እስከ 25,000፥ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተደራጁ ናቸው። ከእነዚህ በላይ በጅግጅጋ የካራማራ ሆስፒታልና የሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል፥ በሐረር ሕይወት ፋና፥ ለሽንሌና ለኤረር ሰው ደግሞ በድሬዳዋ ድል ጮራ ይገኛሉ። ስለዚህ በቀብሪበያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ የሚኖር ሰው የቤተሰብ ሐኪሙን መፈለግ ያለበት ከትልቁ ሆስፒታል ሳይሆን ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። ሐኪም ባይኖር የጤና መኮንኑ ወይም ነርሷ ይህን ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

አመራረጡም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ቅርብ ይሁን። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ሳትደክም የምትደርስበት ስፍራ፥ ሩቅ ካለ ዝነኛ ሐኪም ይበልጣል።

2ኛ/ የግል ክሊኒክ ከሆነ የሥራ ፈቃዱ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታይ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም።

3ኛ/ ቋንቋችሁን የሚያውቅ ይሁን፥ ወይም ታማኝ አስተርጓሚ ይኑረው። በከተሞቻችን ሶማልኛ፥ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ትንሽ ልጅን የእናቱን ምስጢር እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ለሁለቱም አይገባም።

4ኛ/ ሴቶች በሴት ባለሙያ መታየትን ቢመርጡ ይህ ሊከበርላቸው ይገባል። አዋላጅ ነርሷን ከእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ጀምረው ይወቋት። ኡሙሊሶ የሚሏት የልምድ አዋላጅም በሰፈሩ የምትታመን ስለሆነች፥ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛ እንድትመጣ ብትለመን ብዙ ሕይወት ታድናለች።

5ኛ/ ከመጻፉ በፊት የሚጠይቅ፥ ከዐቅሙ በላይ የሆነውንም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል የሚልክ ሰው ምረጡ። «እኔ ይህን አልችልም» የሚል ባለሙያ አይናቅ፤ ይልቁንም ይታመን።

ከታካሚውም የሚጠበቅ ግዴታ አለ። ለቤተሰቡ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይገዛ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ገጽ ይሰጠው። በገጹም የተወለደበት ዓመት፥ የካርድ ቁጥሩ፥ የታመመበት ቀን፥ የወሰደው መድኃኒት ስም፥ ያልተስማማው መድኃኒት ካለ እርሱም ይጻፍ። የአዋቂዎች የደም ግፊት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተለክቶ ይመዝገብ፤ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይጎዳልና። የሕፃናት ክትባት ቀኖችም፥ ማለት በተወለዱ ጊዜ፥ በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት፥ በ9ና በ15 ወር፥ ይመዝገቡ። ከከብት ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚሄድ ዘመድ ይህን ገጽ ገልብጦ ይያዝ፤ የነቀርሳ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ከመሄዱ በፊት ከጤና ጣቢያው የዝውውር ወረቀት ይቀበል። ከሆስፒታል የተመለሰም ሰው የተሰጠውን ወረቀት ሣጥን ውስጥ አይቆልፍ፤ ለላከው ባለሙያ ያሳይ። ከሁሉም በላይ ዛሬ ደኅና ሳላችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ በጭንቅ ቀን የሚጀመር ትውውቅ ዘግይቷል።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፥ በቤት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ብዙ ጊዜ የእናንተ ተማሪ ነው። ያችን ሕፃን ለሕክምና ያበቃት በከረጢት ተጠራቅሞ የመጣው ባዶ ሣጥን እንደ ነበረ አስታውሱ። ከዚያ ከረጢት ይልቅ በንጹሕ እጅ የተጻፈ ደብተር ምን ያህል በተሻለ ነበር!

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

ሀ/ ለቤታችሁ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ የትኛው ነው? በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?
ለ/ ሳል ከስንት ሳምንት ሲበልጥ አክታ መመርመር ይገባል?
ሐ/ በቤተሰብ ደብተር ላይ መጻፍ የሚገባቸውን 4 ነገሮች ዘርዝሩ።
መ/ ሕፃን ልጅ ለእናቱ በሐኪም ፊት አስተርጓሚ መሆን የማይገባው ስለ ምንድን ነው?