ጎማና አሸዋ፤ ወደ ደንከል ለሚወርዱ ጓደኞቻችን

የአፋር ዝቅተኛ ምድር ለጂኦሎጂ፣ ለታሪክም ሆነ ለቋንቋ ተማሪ ሰፊ የመማሪያ ቦታ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ኤርታ አሌ ደግሞ 613 ሜትር ከፍታ ያለው ዝነኛ እሳተ ገሞራ ነው። ወደዚያ ለመውረድ የሚሰናዳ ተማሪ ስለ ውሃው፣ ስለ ስንቁና ስለ መኝታው አስቀድሞ ያስባል። ስለ ጎማው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ «ያ የሾፌሩ ጉዳይ ነው» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ በሚችል ሜዳ ላይ መኪና አሸዋ ውስጥ ሲቀበር አካፋ የሚይዘውም፣ ውሃ የሚያልቅበትም ተሳፋሪው ሁሉ ነውና። እንግዲህ ነገሩን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ መኪና በአሸዋ ለምን ይሰምጣል?

ከጨው ሜዳው ወደ በርሃሌ የሚወጣውን የሲራራ ነጋዴ ያየ ሰው መልሱን በእንስሶቹ እግር ያገኘዋል። በቅሎ ኮቴዋ ጠባብና ደረቅ ስለ ሆነ ለስላሳ አሸዋ ላይ ትሰምጣለች። ግመል ከበቅሎ የበለጠ ቢከብድም መርገጫው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሲረግጥ ይዘረጋል፣ ስለዚህም በላዩ ይሄዳል። የሚያሰምጠው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋት ማነስ ነው።

ጎማም እንዲሁ ነው። ከነጭነቱ 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በአንዱ ጎማ ላይ 600 ኪሎ ያህል ያሳርፋል እንበል። በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ 2.4 ባር ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 2.4 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ስለዚህ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል 250 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ነፋሱ ወደ 1.2 ባር ሲቀነስ ስፋቱ ወደ 500 ይጠጋል። የጎማው ገላ ራሱ ጥቂት ስለሚሸከም ሒሳቡ ግምት ነው፤ መንገዱ ግን ትክክል ነው። ደግሞም ነፋስ ሲቀነስ የጎማው መርገጫ በይበልጥ የሚጨምረው በርዝመቱ ነው። በወርዱ ብቻ ቢሰፋ ፊት ለፊት የሚገፋው አሸዋ ይበዛ ነበር፤ ሲረዝም ግን ራሱ በጠቀጠቀው መንገድ ላይ ይሄዳል።

ይህን በሥራ ካሳዩት አንዱ ራልፍ ባግኖልድ የተባለው የእንግሊዝ መኮንን ነው። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በሊቢያ በረሃ በተራ የፎርድ መኪኖች ሲጓዝ የጎማ ነፋስ ይቀንስ፣ የተቀበረውንም መኪና በጎማው ሥር በሚነጠፍ የብረት ሳንቃ ያወጣ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. ስለ አሸዋ ጠባይ ያሳተመው መጽሐፍ እስካሁን ይጠቀሳል።

ሁለተኛ፤ ምን ያህል ይቀነስ?

በጎሚስታው መለኪያ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይገኛል፤ አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ቁርጥ ያለው መጠን እንደ መኪናው ክብደትና እንደ ጎማው ዓይነት ይለያያል፤ ለመነሻ ያህል ግን በአስፋልት 2.4 ባር የሚነፋ ጎማ በጠጠር መንገድ 2፣ በአሸዋ 1.2 ባር ቢሆን መልካም ነው። መኪናው ከተያዘ ወደ 1 ባር ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል፤ ከመነዳሪ ያለው ከሆነም ጎማው በቸርኬው ላይ ሲዞር የመንፊያውን አንገት ይበጥሳል።

ነፋስ የተቀነሰለት ጎማ በዝግታ መነዳት አለበት፤ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ጎኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍ ይግላል፤ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ከተነዳ ይፈነዳል። ስለዚህ ነፋስ ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው፤ መልሶ መሙላት ሌላው ግማሽ ነው። የመንፊያ ኮምፕሬሰር ያልያዘ መኪና ነፋሱን ለመቀነስ የሚፈራውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ የከፍታና የሙቀት ነገር

የነፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቦሌ ሩዋንዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለሚል የውጭው አየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው፤ በዳሎል ግን 1.02 ይደርሳል። ስለዚህ በሩዋንዳ 2.4 ባር የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ ታች ሲደርስ 2.15 ብቻ ባሳየ ነበር። ነገር ግን ሙቀቱ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ሲወጣ በውስጡ ያለው ነፋስ ይለጠጣል፣ መለኪያውም ወደ 2.42 ይመለሳል። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መልሶታል ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ «ቆላ ስንወርድ ነፋሱ በጣም ስለሚጨምር ከአዲስ አበባ ቀንሰን እንነሣ» የሚለው ልማድ ትርፍ እንደሌለው ነው። እንዲያውም መኪናውን በረጅሙ አስፋልት ላይ በጎደለ ጎማ ያስሮጠዋል። መቀነስ የሚገባው አሸዋው ዳር ሲደረስ ነው። በመንገድ የጋለ ጎማ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢታይም የሚጠበቅ ነውና በአስፋልት ላይ አይነካ።

አራተኛ፤ የጎማ ምርጫ

ብዙ ሰው ለበረሃ ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ይመርጣል። ለጭቃ ይጠቅማል፤ በአሸዋ ላይ ግን ጥርሱ እንደ አካፋ ይቆፍራል። ለአሸዋ የሚሻለው ጥርሱ መካከለኛ፣ ጎኑ ከፍ ያለና የሚተጣጠፍ ጎማ ነው። ሚሸሊን በ1946 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት የራዲያል አሠራር ጎኑን ስለሚያለሰልስ ለዚህ ይመቻል። በጎማው ጎን ላይ 265/70 አር 16 የሚል ቢነበብ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ፣ አሠራሩ ራዲያል፣ ቸርኬውም 16 ኢንች ነው ማለት ነው። ከፍታው በመቶ ባነሰ ቁጥር ለመለጠጥ ያለው ቦታ ያንሳል።

ዕድሜውም ይመርመር። በዲ.ኦ.ቲ. ምልክት መጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ነፋስ ሲቀነስለት አይችልም።

አምስተኛ፤ አሸዋው ሲያልቅ

የደንከል ችግር ምድሩ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ወደ ኤርታ አሌ የሚወስደው መንገድ ከአሸዋ ወደ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገባል። ለአሸዋ የረገበው ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ስላበጠ ስለታሙ ድንጋይ ይቆርጠዋል። በጎን የተቆረጠ ጎማ ደግሞ በበረሃ የሚጠገን አይደለም። ስለዚህ ድንጋዩ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ነፋስ መጨመር፣ በመልሱም ጉዞ አሸዋው ዳር ዳግም መቀነስ ያስፈልጋል። የጨው ሜዳውም የተለየ ነው፤ ቅርፊቱ ከተሰበረ ከሥሩ ጭቃ ስለሚገኝ የአሸዋ ብልሃት ብዙ አይረዳም። እዚያ የሚያዋጣው የአገሩን ሰው ተከትሎ በተለመደው ዱካ መሄድ ነው።

መኪናው በአሸዋ ከቆመ ነዳጅ መስጠት ይቅር፤ የሚሽከረከር ጎማ ራሱን ይቀብራል። ሰዎች ይውረዱ፣ ከጎማው ፊት አሸዋው ይጠረግ፣ ነፋሱ ይቀነስ፤ ከዚያ በገባበት ዱካ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይውጣ።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሾፌሩ ነው፤ ለማድረግ ጊዜ የሚሰጠው ግን ተሳፋሪው ነው። በየዳርቻው መቆም ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ «ቶሎ እንድረስ» የሚል ጩኸት ባለበት መኪና ውስጥ ሾፌር አይቆምም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጉዞው ከመነሣቱ በፊት ሾፌሩን በአክብሮት እንጠይቅ፦ «ጋሼ፣ የነፋስ መለኪያ አለዎት? ኮምፕሬሰሩ ይሠራል? ትርፍ ጎማው ሁለት ነው?» ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ጉዞውን አንድ ቀን አዘግይቶ ያንን እዚሁ ማሟላት ይሻላል።