ዲፍ ሎክ ልታስገጥም ላሰብከው ልጄ

ልጄ፣ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ገዝተህ አፋርና ደቡብ ኦሞ ልትሠራባት እንደሆነ ሰማሁ። ዲፍ ሎክ የቱ ይሻላል ብለህ ላክህብኝ። የማውቀውን ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ችግሩን እወቅ። ክረምት፣ ዋልካ መሬት ላይ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ቦይ ገብቶ ጭቃ እየረጨ ሲሽከረከር፣ ደረቅ የረገጠው ማዶኛው ንቅንቅ ሳይል ቆሞ አይተሃል። ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚያካፍለው። የሚያዳልጠው የሚቀበለው ትንሽ ነው፤ ለደህናውም የሚደርሰው ያችው ትንሽ ናት። ፎር ዊል ብታስገባም ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ መሬት ካልያዘ አትንቀሳቀስም። ዲፍ ሎክ ሁለቱን አክስል አስሮ አብረው እንዲዞሩ ያደርጋቸዋል።

2. ከኋላ ጀምር። ጭነትህ ያለው እዚያ ነው፤ ዳገት ላይም ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቶዮታ በፋብሪካ በገጠመላቸው 70ና 80 ሞዴሎች ላይ መዞሪያው መጀመሪያ የሚይዘው የኋላውን ነው፤ የፊቱ ቀጥሎ ነው። የፊቱ ሲታሰር መሪ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ድንጋያማ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የፊቱን አስሬ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ነዳጅ ረገጥኩ። ጧ አለ። የጎማው መታጠፊያ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ተሰብሮ ነበር፤ ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን።

3. በአየር ወይስ በኤሌክትሪክ? እንደ አውስትራሊያው ኤአርቢ ያለው በአየር ይሠራል። ሲይዝ ጠንካራ ነው። ኮምፕሬሰሩም ሌላ ጥቅም አለው፤ አሸዋ ላይ ጎማህን አስተንፍሰህ ስትወጣ መልሶ ይነፋልሃል። ድካሙ ቱቦውና ጎሚኒው ነው፤ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ድንጋይ በማይመታው በኩል ማለፍ አለበት። እንደ ኢተን ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦና ማብሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዳንዱ ሞዴል ግን ወደፊት ስትል ቆይተህ ወደ ኋላ ስትል ለአፍታ ለቆ ነው መልሶ የሚይዘው። ለአንተ መንገድ እኔ የአየሩን እመርጣለሁ። ራሱ እያሰረ ራሱ የሚፈታውን አልመክርህም፤ ዝናብ ላይ፣ ተራራ ጥምዝ ላይ ማሰሩና መፍታቱ በእጅህ ይሁን።

4. ሎኩ እንዲገጥምልህ፣ ከማዘዝህ በፊት የኮሮናውን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርሳም ክብ) ስፋት፣ የአክስሉን ጥርስ ብዛትና የዲፈረንሻሉን ሬሾ አረጋግጥ።

5. ከዕቃው ይልቅ የሚገጥመው ሰው ላይ ተጨነቅ። ዲፈረንሻሉ ሲከፈት በኮሮናና እሱን በሚያዞረው ትንሽ ጥርስ፣ በፒኞን፣ መካከል ያለው ክፍተት እንደገና ይለካል፤ ልኩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በጣቱ ነቅንቆ «ልክ ነው» ባለ መካኒክ እጅ የወጣ መኪና ነድቻለሁ። መጀመሪያ ዝም ያለ፣ ኋላ አስፋልት ላይ የሚያላዝን ሆነ፤ ስንከፍተው ጥርሱ ተበልቶ ነበር። «በምን ትለካለህ?» ብለህ ጠይቅ። መለኪያውን ካላሳየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

6. ከሰመጥህ በኋላ አትሰር። ጭቃው ጫፍ ላይ ቁም፣ እሰር፣ መብራቱ መያዙን እይ፣ ከዚያ በዝግታ ግባ። ጎማው በኃይል እየተሽከረከረ ብታስር የምትሰብረው ራሱን ሎኩን ነው። ጠንካራ መሬት ላይ ስትወጣ ወዲያው ፍታ።

7. በጋውንም ቢሆን በወር አንዴ አፈር መንገድ ላይ አስረህ ፍታው። በተለይ የፋብሪካው ዲፍ ሎክ የሚያስረው ትንሽ ሞተር ውኃ ገብቶበት ዝም ከተባለ ዝጎ ይቀራል፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ በምትፈልገው ቀን ነው።

ገንዘብህ ለጎማና ለዲፍ ሎክ ባንዴ ካልበቃ ጎማውን አስቀድም። ከበቃ ደግሞ ሐምሌን አትጠብቅ፤ ግንቦት ላይ መኪናዋን ይዘህልኝ ና፣ የኋላውን አብረን ከፍተን እናየዋለን።